ስለ ክረምት ዝናም ትንበያና በሰሜን ደጋ ስለሚያጋጥም የመንገድ አደጋ

ክረምት ለገበሬ የእህል አባት ነው፤ ለመንገደኛ ግን ብርቱ ጠላት ይሆናል። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን በሚቆጠረው በዚህ ዘመን ከሁሉ ይልቅ ዝናም የሚበዛባቸው ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። በስሜን ተራራ፥ በዋግ፥ በላስታና በተከዜ አፋፍ ያለው አገር ደጋውና ቆላው የተቀራረበ ስለሆነ፥ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ከብርድ ወደ ሐሩር፥ ከጉም ወደ ፀሐይ ይወርዳል። ስለዚህ በነዚህ አገሮች ሕዝብ ለሚያስተዳድር ሰው የአየር ጠባይን ነገር ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን የሹመቱ አንድ ክፍል ነው።

የዝናሙ አመጣጥ

በክረምት ወራት ፀሐይን ተከትሎ የሚጓዘው የዝናም መቀነት ወደ ሰሜን ይመጣል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በኮንጎ ዱር በኩል የሚያልፈውና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ከአገራችን ተራራ ጋራ ሲጋጠም ወደ ላይ ይወጣል፤ በወጣም መጠን እየቀዘቀዘ ደመና ይሆናል። ማለዳ ሰማዩ ጠርቶ የታየ እንደ ሆነ መንገደኛ ይታለላል። ነገር ግን ያቺው የጧት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ከፍ ብሎ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላም ደመናው ተከምሮ ዶፍ፥ በረዶና መብረቅ ያመጣል። እንግዲህ በክረምት የጠራ ጧት የቀኑ ሁሉ ዋስ አይደለም።

ወንዝ ከሩቅ ዝናም መሙላቱ

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ በወንዝ መልካ ላይ የሚደርሰው ነው። ሰው ከመልካው ቆሞ ሰማዩን ይመለከታል፤ ከራሱ በላይ ደመና ባያይ ያለ ሥጋት ይገባል። ወንዙን የሚሞላው ግን በመልካው ላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን በወንዙ ራስ ያለው ሰማይ ነው።

ይህንም በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። 1 ሚሊሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንዲሁም 30 ሚሊሜትር ዝናም በ100 ካሬ ኪሎሜትር ተራራ ላይ ቢወርድ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። እኩሌታውን መሬት ቢጠጣው እንኳ 1 ሚሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ሸለቆ ተሰብስቦ ይወርዳል። ውሃው በሴኮንድ 2 ሜትር ቢሄድ በሰዓት 7 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 20 ኪሎሜትር ርቆ የዘነበው ዝናም 3 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከመልካው ይደርሳል። በዚያም ሰዓት ከመልካው ዳር ያለው ሕዝብ በፀሐይ ላይ ይሆናል።

ለምሳሌ መሸሃ ወንዝ በቧሂትና በራስ ደጀን ተራሮች መካከል ይወርዳል። ሁለቱም ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በበጋ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን ከሁለቱ ተራሮች ወደ ሸለቆው የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብም ብዙ ውሃ ያቁራል፤ ነገር ግን ወደ እርሱ የሚገቡትን ገባር ወንዞች ከደራሽ ጎርፍ አያድናቸውም።

የደራሽ ጎርፍ ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ጠርቶ ሲወርድ የነበረው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፤ በወንዙ መካከል ይታይ የነበረ ድንጋይ ይሰወራል፤ ከላይ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል። ከነዚህ አንዱ ከታየ ጭነትን ሳይሹ ወደ ከፍታ መሸሽ ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆን እንኳ ጎልማሳን ይጥላል፤ 60 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለውም አብዛኛውን አውቶሞቢል አንሥቶ ይወስዳል።

የተራራ ብርድና መብረቅ

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ2,000 ሜትር ከፍታ 20 ዲግሪ ሙቀት ሲኖር፥ በ4,000 ሜትር 8 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋል፤ በዚያ በረዶ ሲወርድ መሬቱን ያነጣዋል፥ በራስ ደጀንም ላይ አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይጥላል። ልብሱ የራሰ መንገደኛ ነፋስ ሲያገኘው ሰውነቱ ይደነዝዛል፥ ንግግሩም ይንተባተባል፤ ኋላም እንቅልፍ ይጫነዋል። እንደዚህ ያለውን ሰው ከነፋስ ከልሎ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፥ በደረቅ መሸፈንና ትኩስ ነገር መስጠት ነው እንጂ አረቄ ማጠጣት አይገባም። አረቄ የሞቀ ያስመስላል፤ የሰውነትን ሙቀት ግን ያባክናል።

መብረቅ ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሴኮንድ መቁጠር ይጠቅማል፤ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ከ30 ያነሰ እንደ ሆነ አደጋው ቀርቧልና ከተራራ አናት መውረድ፥ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መራቅ፥ ከብቱንም በአንድ ዛፍ ሥር አለማከማቸት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩ መንገድ መቀጠል አይገባም።

ናዳ

ዝናም ቀን ተሌት ሲዘንብ የገደል አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፥ ይንሸራተታልም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር በጠለምት ወረዳ የወረደው ናዳ ሰው ገድሏል፤ ብዙ ቤተ ሰብም አፈናቅሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 15 ቀን በደቡብ በኩል በጎፋ የደረሰው ግን ለሁሉም አገር ትምህርት ነው። በዚያ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት ሕዝብ ሲረባረብ ሌላ ናዳ ወረደበትና ከ200 ሰው በላይ ሞተ። ስለዚህ ናዳ በወረደበት ስፍራ ገደሉን ከሩቅ የሚመለከትና የሚጮኽ ጠባቂ ሳይቆም ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ማድረግ የሹም ግዴታ ነው።

ትንበያ የሚነግረውና የማይነግረው

የአገሪቱ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቁሞ፥ ለበጋ፥ ለበልግና ለክረምት የየወቅቱን፥ እንዲሁም የወሩን፥ የ10 ቀኑንና የዕለቱን ትንበያ ያወጣል። እነዚህን ማደባለቅ ትልቅ ስሕተት ነው። የወቅቱ ትንበያ ለዘርና ለእህል ክምችት ይጠቅማል፤ በየትኛው ቀን የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ ግን አይናገርም። ኤል ኒኞ የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት በጨመረባቸው ዓመታት፥ በ2007 ዓ.ም. እንደ ታየው፥ በሰሜን የክረምት ዝናም ይቀንሳል። ሆኖም ዝናም ባነሰበት ክረምትም አንድ ብርቱ ዶፍ አንድ መልካ ላይ ሰው ለመውሰድ ይበቃል። ስለዚህ ጭነት የሚያጓጉዝ ሹም የ10 ቀኑን፥ መንገደኛ የሚልክም የዕለቱን ትንበያ ይጠይቅ። በሚጠይቅበትም ጊዜ የራሱን ከተማ ብቻ ሳይሆን ወንዙ የሚነሣበትን ወረዳ ጭምር ይጠይቅ።

የሹም ተግባር

ቀድሞ ነገሥታት በክረምት ዘመቻ አቁመው በአንድ ሰፈር ይከርሙ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባድ መድፋቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሡት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ መቅደላን የያዘው የእንግሊዝ ጦርም ክረምት ሳይዘጋበት ለመውጣት ቸኩሎ ተመለሰ። ጦር የሚያዝዙት ሰዎች ለክረምት ከተጠነቀቁ፥ አንድ ገበሬን በነሐሴ ወንዝ አሻግሮ የሚጠራ ሹም እንዴት አይጠነቀቅ?

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ወደ ሞላ ወንዝ ከሚገባው ሰው ብዙው ደፋር ሆኖ አይደለም። የተቆረጠ ቀጠሮ አለበትና ነው። መጥሪያ የደረሰው ባለጉዳይ ከውሃው ይልቅ መቀጫውን ይፈራል፤ የማዳበሪያ ማደያ ቀን የተነገረው ገበሬም ቢዘገይ የሚያጣ ይመስለዋል። እንደዚህ በሆነ ጊዜ ሰውየውን ወደ ውሃ የላከው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ።

1ኛ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከወንዝ ማዶ ላሉ ቀበሌዎች ሰኔ ሳያልቅ ይድረስ።

2ኛ፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ አሻግሮ የሚያስመጣ ቀጠሮ አይቆረጥ፤ የግድ ቢሆን በወንዝ ሙላት የቀረ ሰው እንዳይቀጣ በመጥሪያው ላይ በግልጥ ይጻፍ።

3ኛ፤ ስብሰባ ሲደረግ ሕዝቡ ከቀትር በፊት ተሻግሮ ወደ ቤቱ እንዲመለስ በማለዳ ይጀመር።

4ኛ፤ በየመልካው ልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ እንጨት ይተከል፤ ውሃው ከምልክቱ ባለፈ ጊዜ መሻገር ይከልከል፤ ጠባቂም ይቁም።

5ኛ፤ በወንዙ ራስ ያለው ቀበሌ ብርቱ ዝናም ሲያይ በታች ላለው በስልክ ይንገር፤ ስልክ በማይደርስበት ሸለቆ ጥሩንባ ወይም ደወል ይሁን።

6ኛ፤ የእርሻ ባለቤቶች እረኞቻቸውንና ሠራተኞቻቸውን ከወንዝ ማዶ ሲያሰማሩ፥ ወንዙ ቢሞላ የሚያድሩበትን ጐጆና የሚበሉትን ስንቅ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቃሉ በጊዜው መድረሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ለሟቹ አይጠቅምም። ትንበያውን መሥሪያ ቤቱ ያወጣል፤ ወደ መልካው የሚያደርሰው ግን የአገሩ ሹም ነው። በክረምት አንድ ቀጠሮ ማሳደር ሥራን ለጥቂት ቀን ያዘገያል፤ በጎርፍ የተወሰደውን ገበሬ ግን ቤቱና እርሻው አያገኙትም።