የአንድ እናት ቡችሎች በልደት ክብደት ለምን ይለያያሉ?

አንዲት ውሻ በአንድ ሌሊት ስድስት ወይም ሰባት ቡችሎች ስትወልድ፣ ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ እጅግ አንሶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሎንግ ቢች አፓርታማም ሆነ በአዲስ አበባ ግቢ ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «ይህኛው ዘግይቶ የተፀነሰ ነው» ይላል። አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ውሻዋ በተለያዩ ቀናት ከወንድ ጋር ልትገናኝ ትችላለችና። ይሁን እንጂ የውሻ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ለመብሰል ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ የወንዱ ዘርም በማህፀን ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ግንኙነቱ በየትኛውም ቀን ቢፈጸም ፅንሶቹ የሚጀምሩት በተቀራረበ ጊዜ ነው።

ዋናው ምክንያት ያለው በእንግዴ ልጁ ላይ ነው። የውሻ ማህፀን ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ሲኖሩት ፅንሶቹ በእነርሱ ውስጥ እንደ ዶቃ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እንግዴ ልጅ ይመገባሉ። በቂ ቦታና ደም ያገኘው ይፋፋል፤ ያላገኘው፣ ዕድሜው እኩል ቢሆንም፣ ቀጭጮ ይወለዳል።

የአባት ጉዳይም አለ። አብረው የተወለዱ ቡችሎች የተለያዩ አባቶች ሊኖሯቸው ይችላሉ። በባሌ ተራሮች የምትኖረው ሴት ቀይ ቀበሮም፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ግልገሎች የምትወልደው፣ ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር እንደምትገናኝ ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ለትንሹ ቡችላ አስጊ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ናቸው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨት አይችልም፤ ያነሰ ሰውነት ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። የበረደው ቡችላ መጥባት ያቆማል፣ አንጀቱም ሥራውን ያዘገያል። በዚህ ሁኔታ ወተት በግድ ማጠጣት ይጎዳዋል፤ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ እናቱ ጡት ማስጠጋትና ጉልበተኞቹን ለጥቂት ደቂቃ ገለል ማድረግ ነው፤ በሽታ ተከላካይ የሆነው የእንገሩ ንጥረ ነገር ወደ ደሙ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገደማ ብቻ ነውና።

ለክትትል በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ቡችሎቹን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መቀነስ አያስደነግጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን ክብደቱ በየቀኑ መጨመር፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም እጥፍ መሆን አለበት። የማይጨምረውን ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያሻል። የላም ወተት ምትክ አይሆንም፤ የውሻ ወተት በፕሮቲንም በቅባትም እጅግ ይበልጠዋል።