አደይ አበባን ቆርጦ መሸጥ፦ በመንዝ ደጋ የአያያዝና የዘር ጥያቄ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የአበባ ንግድ ሲነሣ ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ በሚመረተው ጽጌረዳ ላይ ያርፋል። ከመስከረም 1 እስከ 17፣ ማለትም ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፣ ከሜዳ ተቆርጦ የሚሸጠው አደይ አበባ ግን ዘሪም ሆነ ማቀዝቀዣ የለውም። ይህ ጽሑፍ ሞላሌንና የመንዝን ደጋ መነሻ በማድረግ ሁለት ጥያቄዎችን ይመረምራል፦ የተቆረጠው አበባ ሳይጠወልግ እንዴት ይቆያል? ያልተቆረጠውስ በሚቀጥለው ዓመት እንዴት ይመለሳል?

የአበባው ጠባይ

አደይ አበባ የሚባሉት ዕፅዋት የቢደንስ ወገን ሲሆኑ፣ በስፋት የሚታወቀው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ የዙሪያዎቹ ቢጫዎች ነፍሳትን ሲስቡ፣ በመሃል የታጨቁት ዘር ያፈራሉ። ግንዱ ቀጭን፣ መልካበባው ስስ በመሆኑ ውሃ ፈጥኖ ያልቅበታል። ተቆርጦ ያለ ውሃ ሲቆይ በግንዱ የውሃ ቧንቧዎች ውስጥ አየር ስለሚገባ፣ ዘግይቶ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥም እንደሚገባው አይጠጣም።

አያያዝና አደራደር

ስለዚህ ሻጩ አበባውን በማለዳ፣ ጤዛው ሳይለቅ፣ በስለታም ቢላ ሊቆርጠው ይገባል፤ በእጅ መንጨት ግንዱን ይጨፈልቃል። የሚመረጠው የዙሪያው መልካበባ ተዘርግቶ መሃሉ ገና ያልፈነዳው ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው የግንድ ክፍል ቅጠል ሊኖረው አይገባም፤ የበሰበሰ ቅጠል ባክቴሪያ አራብቶ ቧንቧዎቹን ይደፍናልና። እቅፉ ሲሠራ ግንዶቹ በአንድ አቅጣጫ ዘንበል እየተደረጉ ይደራረባሉ፤ በመካከላቸው ለምለም ሣር ሲገባ ራሶቹ ተደግፈው ይቆማሉ። ማሰሪያው መላላት አለበት። የደጋው ቅዝቃዜ የአበባውን ትንፈሳ ስለሚያዘገይ ያለ ወጪ የተገኘ ማቀዝቀዣ ነው፤ ይህ ጥቅም ግን አበባው በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ያለ ውሃ፣ በፀሐይ ሲጓጓዝ ይባክናል።

የዘር ጥያቄ

ለገበያ የሚበጀው ጊዜ ለዘር የሚከፋው ነው። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው፤ መሃሉ ሳይፈነዳ የተቆረጠ አበባ ዘር አይጥልም። አያያዝን ብቻ ማሻሻል ገበያውን ሲያሰፋ ሜዳውን ሊያራቁት ይችላል። ለዚህ መንዝ የራሱ ልምድ አለው። በጓሳ የቄሮ ሥርዓት የጓሳ ሣር እንዳያልቅ ሕዝቡ አጨዳውን በጋራ ስምምነት ሲዘጋና ሲከፍት ኖሯል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው።

ማጠቃለያ

የጓሳው መርሕ ለአደይ አበባም ይሠራል፦ ከእያንዳንዱ ተክል ጥቂት ራሶችን ለዘር መተው፣ የሚቆረጥበትን ሜዳ በየዓመቱ ማፈራረቅና በጓሮ ዘርቶ ማብቀል። ቀጣይ ጥናት የእቅፉን ዕድሜ በቀን፣ የሜዳውን ብዛት በተክል ቆጥሮ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢመዝን መልካም ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣልና።