ለቅዱስ ፓትሪክ ቀን ምን ይብሰል?

ጥያቄ፦ ደብሊን የሚኖሩ አንዲት እናት መጋቢት 8 የሚውለውን የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ከልጆቻቸው ጋር ቤት ውስጥ ሊያከብሩ አስበዋል። «የበዓሉ ምግብ ኮርንድ ቢፍ ነው ወይስ ሌላ አለ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ በጨው ተዘፍዝፎ የሚቀቀለው ኮርንድ ቢፍ ከጎመን ጋር የበዓል ምግብ ሆኖ ስሙ የገነነው አሜሪካ በገቡት አየርላንዳውያን ስደተኞች ዘንድ ነው። ለአገሩ የሚቀርበው የበግ ወጥ ነው። የበግ አንገት፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ካሮት በለዘብተኛ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይንተከተካሉ። ሽንኩርቱ አይቁላላም፤ ቀድሞ የገባው ድንች ፈርሶ መረቁን ያወፍረዋል።

ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ያለ እርሾ የሚጋገረው የሶዳ ዳቦ ነው። 450 ግራም ዱቄት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጨው፣ 400 ሚሊ ሊትር ያህል አሬራ ይበቃዋል። የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጠርና ሊጡን ይነፋዋል። ስለዚህ ሳይታሽ ቶሎ ድቡልቡል ይደረግና ላዩ በቢላ በመስቀል ቅርጽ ተሰንጥቆ ወዲያው ኦቨን ይገባል። በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሥሩ በጣት ሲንኳኳ የባዶ ዕቃ ድምፅ ካሰማ በስሏል።

መጋቢት 8 ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ጿሚ ካለ አሬራው ሎሚ በተጨመቀበት የአጃ ወተት ይተካል፤ ከጎመን ጋር የሚፈጨው ድንች፣ ኮልካነን፣ ደግሞ በቅቤ ፈንታ በዘይት ይሠራል።