የቤታችን ኢንተርኔት ዋጋ ከምን ይመጣል? ከመዳብ ሽቦ ወደ ፋይበር

በናይሮቢ የሚኖር ቤተሰብ ከቤት ኪራይ፣ ከትምህርት ቤት ክፍያና ከመብራት ቀጥሎ በየወሩ የሚያስበው አንድ ወጪ አለ፤ እሱም የኢንተርኔት ክፍያ ነው። የቤት ሥራ የሚላከው በኢንተርኔት ነው፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ ካሉ አያቶች ጋር የምንነጋገረውም በኢንተርኔት ነው። በብዙ ቤታችን ደግሞ የድርጅቱን ማስታወቂያና ውል አንብቦ ለወላጆቹ የሚያስረዳው ልጅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ይህን ነገር በደንብ ብታውቁት ለቤተሰባችሁ ኪስ ይጠቅማል። ወላጆችም አብራችሁ እንድታነቡት እንጋብዛለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዳብ ዘመን

በአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በ1894 በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያኔ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ድምፅ የሚጓዘው በሽቦ ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነበር። በኋላ ኢንተርኔት ሲመጣም ያንኑ የስልክ ሽቦ ተጠቀመ። ወላጆቻችን «ኤዲኤስኤል» የሚሉት ይህን ነው፤ አንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ስልኩንም ኢንተርኔቱንም ይሸከማል።

መዳብ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ በሄደ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ከስልክ ማዕከሉ አጠገብ ያለ ቤት እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ሊያገኝ ሲችል፣ አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር የራቀው ቤት ግን ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ይደርሰዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዋጋ ከፍለው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሽቦው እርጥበት ሲነካው መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ ክረምት ላይ ስልኩ እንዴት ያስቸግር እንደነበር ወላጆችን ጠይቁ።

ኬንያ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ችግር ነበር፤ መዳቡ ከመጀመሪያውም ለብዙ ሰው አልደረሰም። በ1999 የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ሲከፈል የቤት ስልኩን የተረከበው ቴልኮም ኬንያ ነው። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት መስመሮች ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የነበረውንም ሽቦ ሌባ እየቆረጠ ይወስደው ነበር፤ መዳብ በገበያ ዋጋ አለውና። ስለዚህ እዚህ የሆነው እንደ አውሮፓ አሮጌውን ሽቦ ነቅሎ አዲስ መተካት አይደለም። ብዙው የናይሮቢ ነዋሪ የቤት ስልክ ሳይኖረው ወደ ሞባይል ገባ፤ ከሞባይል ደግሞ በቀጥታ ወደ ፋይበር ተሻገረ።

ፋይበር እንዴት ይሠራል?

ፋይበር ማለት ከሰው ፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው። በውስጡ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው። መሐሉ ካለው መስታወት ለመውጣት የሚሞክረው ብርሃን ከዳሩ ጋር ሲጋጭ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል፤ እየተንጸባረቀም በብዙ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይደክም ይጓዛል። ብርሃኑ በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ አንድና ዜሮ ሆኖ ይነበባል።

ይህ እንደሚቻል በ1966 በጽሑፍ ካሳዩት አንዱ ቻርልስ ካኦ የተባለው ተመራማሪ ነው። ችግሩ የመስታወቱ ጥራት እንደሆነ፣ በቂ ንጹሕ መስታወት ከተሠራ ብርሃን ሩቅ መሄድ እንደሚችል አስረዳ። ለዚህ ሥራው የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ያገኘው በ2009 ነው። በዚያው ዓመት የፋይበር ገመድ በባሕር ሥር ተጉዞ ሞምባሳ ደረሰ።

ከሞምባሳ እስከ ሰፈራችን

ከ2009 በፊት ምሥራቅ አፍሪካ ከዓለም ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። አንድ ሜጋቢት በወር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ስለነበር አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ የሚጠቀመው ፍጥነት ዛሬ በአንድ ሳሎን ካለው ያንስ ነበር። በ2009 አጋማሽ ቲምስ የተባለው ገመድ ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ከፉጃይራ፣ ሲኮም የተባለውም በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ በኩል ሞምባሳ ገቡ። በ2010 ኢሲ የሚባለው ተከተለ። ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ በምድር ላይ የተዘረጋው ፋይበር ቀጠለበት። ከዚያ ወዲህ የጅምላው ዋጋ እየወረደ መጣ።

ገመዱ በርከት ማለቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ግንቦት 12 ቀን 2024 ታየ። በዚያ ዕለት ሲኮምና ኢሲ በባሕር ውስጥ ተቆረጡ፤ በኬንያና በጎረቤት አገሮች ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። ሌሎች ገመዶች ስለነበሩ ግን ጨርሶ አልጠፋም።

እንግዲህ ገመዱ ናይሮቢ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ያለው የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ከድርጅቱ ማዕከል እስከ ሰፈራችን፣ ከሰፈራችን እስከ በራችን። ፋይበሩ በቦይ ተቀብሮ ወይም በመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይመጣል። ሰፈር ሲደርስ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ አንዱ ክር ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፋፈላል። ሳጥኗ መብራት አትፈልግም፤ ብርሃኑን ብቻ ታካፍላለች። በተለመደው አሠራር አንዱ ክር ወደ 2,488 ሜጋቢት በሰከንድ ይሸከማል። 32ቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቢጠቀሙ ለእያንዳንዱ 78 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀም ድርጅቱ ከዚህ በላይ ሊሸጥ ይችላል፤ ማታ ማታ መስመሩ ቀስ የሚልበት አንዱ ምክንያትም ይህ መጋራት ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፋይበር ውድ የሚሆነው ሲዘረጋ ነው። ቦይ መቆፈር፣ ምሰሶ መከራየት፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ሠራተኛ መላክ፣ የተቆረጠውን መቀጠል፤ ገንዘቡን የሚበላው ይህ ነው። ክሩ አንዴ ከገባ በኋላ ፍጥነቱን ለመጨመር በሁለቱ ጫፍ ያለውን መሣሪያ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ማስረጃው በዓይናችን ፊት አለ። በመስከረም 2024 ሳፋሪኮም የቤት ፋይበር ጥቅሎቹን ሲያሻሽል ዋጋውን ሳይነካ ፍጥነቱን ከፍ አደረገ። በ2,999 ሽልንግ ይሰጥ የነበረው 10 ሜጋቢት 15 ሆነ፤ በ4,100 የነበረው 20 ወደ 30፣ በ6,299 የነበረው 40 ወደ 80 አደገ። አዲስ ቦይ ወደየቤቱ ሳይቆፈር ፍጥነቱ እጥፍ መሆን ከቻለ፣ በየወሩ የምንከፍለው በአመዛኙ ለፍጥነቱ ሳይሆን ለተዘረጋው መስመርና ለጥገናው ነው ማለት ነው።

ፋይበር ቀድሞ ኪሊማኒ ባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች የሚገባውም ስለዚህ ነው። 40 ቤት ባለው ሕንፃ አንድ ቦይ ቢቆፈር ወጪው ለ40 ይካፈላል፤ ድርጅቱም ቶሎ ይመልሰዋል። ተራርቀው በተሠሩ ቤቶች ወይም የመክፈል አቅም ዝቅተኛ በሆነበት ሰፈር ግን መስመሩ ይዘገያል። ያ ሰፈር የሚኖር ልጅ የሚጠቀመው በየቀኑ በሚገዛ የሞባይል ጥቅል ነው። በቀን 100 ሽልንግ እንኳ ቢሆን በወር 3,000 ይሆናል። በወር 3,000 የሚያወጣው ቤተሰብ ሌላው ሰፈር ውስጥ ሙሉ ወር የሚሠራ ፋይበር ይገዛበታል። ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ሳይሆን መስመሩ በር ላይ መድረስ አለመድረሱ ነው።

ከሰማይ የሚመጣውም ቢሆን ወሰን አለው። ስታርሊንክ በሐምሌ 2023 ኬንያ ሲገባ ብዙ ሰው ገዛው፤ በኅዳር 2024 ግን በናይሮቢና በአካባቢዋ ቦታ ስለሞላ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቁሞ ነበር፤ እንደገና የተከፈተው ከወራት በኋላ ነው። ሳተላይትም እንደ ፋይበሩ ሳጥን የሚጋራ ነገር ነው።

ግብርም አለ። በኬንያ የ2023 የፋይናንስ ሕግ በስልክና በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ያለውን ኤክሳይዝ ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ አወረደው። ከዚያ ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ሁለቱ ተደምረው ከምንከፍለው ሩብ ያህሉን ይወስዳሉ።

ዋጋውን በቁጥር እንመርምር

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሜጋቢት ነው፤ ፋይላችን የሚለካው በሜጋባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። 450 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ 3,600 ሜጋቢት ይሆናል። በ1 ሜጋቢት የመዳብ መስመር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በ15 ሜጋቢት 4 ደቂቃ፤ በ80 ሜጋቢት 45 ሰከንድ።

አሁን ዋጋውን ለፍጥነቱ እናካፍል። በ2,999 ሽልንጉ ጥቅል አንዱ ሜጋቢት 200 ሽልንግ ገደማ ያወጣል፤ በ4,100ው 137፤ በ6,299ው 79። ትልቁን የገዛ ርካሽ ያገኘ ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው «አንዱ ሜጋቢት ስንት ነው?» ሳይሆን «ቤታችን ስንት ሜጋቢት ይፈልጋል?» ነው። ጥሩ ጥራት ያለው አንድ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ያህል ይበቃዋል። ሁለት ልጆች ቪዲዮ እያዩ እናት በስልኳ ከአያት ጋር ብትነጋገር 15 ሜጋቢቱ ይበቃል። ለዚህ ቤት 80 ሜጋቢት መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ በወር 3,300፣ በዓመት 39,600 ሽልንግ ያለ ጥቅም ይወጣል። ስድስት ሰባት ሰው በየክፍሉ የሚጠቀምበት ቤት ከሆነ ግን ትልቁ ጥቅል ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ሲባል ደካማው ፋይበሩ ሳይሆን ዋይፋዩ ነው። ራውተሩ ከበሩ ጀርባ ወይም ከፍሪጅ ጎን ከተቀመጠ፣ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ ማዶ ያለው መኝታ ቤት ፍጥነቱን አያገኝም። ከፍ ያለ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል፣ ከፍ ወዳለ ቦታ አውጡት።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ፋይበሩ እስከ ቤታችን ውስጥ ይገባል ወይስ ሕንፃው ምድር ቤት ቀርቶ ከዚያ በመዳብ ገመድ ይወጣል? «ፋይበር» የተባለ ሁሉ እስከ መጨረሻው ፋይበር ላይሆን ይችላል።
2. የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው እኩል ነው? የቤት ሥራ ለመላክና በቪዲዮ ለመነጋገር መላኪያው ያስፈልጋል።
3. የመግጠሚያ ክፍያ አለ? ራውተሩ የማን ነው?
4. የአጠቃቀም ገደብ አለ? ገደቡ ካለፈ ፍጥነቱ ወደ ስንት ይወርዳል?
5. ቤት ብንቀይር መስመሩ አብሮን ይሄዳል? ናይሮቢ ውስጥ ቤት መቀየር የተለመደ ስለሆነ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።
6. መብራት ሲጠፋስ? የድሮው የመዳብ ስልክ ኤሌክትሪክ ከማዕከሉ ስለሚያገኝ ቤቱ ጨለማ ሆኖም ይሠራ ነበር። የፋይበሩ ዕቃ ግን ከቤታችን መብራት ጋር ይጠፋል፤ ስለዚህ ትንሽ ባትሪ ያስፈልገዋል።

መልመጃ

ሀ. ቤታችሁ ውስጥ በማታ ሰዓት በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት የሚጠቀሙትን ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ብላችሁ ደምሩ። ድምሩ ከምትከፍሉበት ጥቅል ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

ለ. ለአንድ ወር ቤተሰቡ ለሞባይል ጥቅልና ለቤት ኢንተርኔት ያወጣውን በደብተር መዝግቡ። ከኤም-ፔሳ መልእክቶች ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። በመጨረሻ ሁለቱን አነጻጽሩ።

ሐ. ከክፍላችሁ ልጆች ሰፈራቸው ፋይበር የደረሰላቸውንና ያልደረሰላቸውን ጠይቁ። የቤት ሥራ በኢንተርኔት ብቻ ሲሰጥ ያልደረሰላቸው እንዴት እንደሚሠሩ ተወያዩ፤ መምህራችሁም ይስሙ። ትምህርት ቤቱ ፋይሉን በወረቀት ወይም በፍላሽ ቢሰጥ ማን ይጠቀማል?

መ. ያገኛችሁትን ውጤት ለወላጆቻችሁ በአማርኛ አስረዱ። ድርጅቱ የሚያቀርበውን ውል ስታነቡላቸው «ይህ ምን ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካላችሁ፣ የዚህ ዓመት ትምህርታችሁ አንድ ጥቅም ቤት ውስጥ ታየ ማለት ነው።