የሁለት ጌቶች ቤት
በኃጢአት ስለ መኖርና በእምነት ስለ መኖር የተዘጋጀ ጥናት

የሚነበበው ክፍል፤ ሮሜ 6፥15-23፤ ሉቃስ 18፥9-14።



በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ነፍሳቸው ሊያነጋግሩኝ ወደ ቤቴ መጡ። የመጀመሪያው በማኅበራችን ዘንድ የተከበረ ሰው ነው። ጠጅና አረቄ ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እሑድ ከጸሎት ቤት አይቀርም፤ አሥራቱንም በጊዜው ያገባል። «እኔ በኃጢአት መኖርን ትቼ በእምነት እኖራለሁ» ሲል በእርጋታ ነገረኝ። ነገር ግን ከእናቱ ልጅ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንዳልተለዋወጡ አውቅ ነበርና ስለዚህ ነገር ብጠይቀው፣ «እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ብሎ ንግግሩን ቈረጠ።

ሁለተኛይቱ ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። በልጆችዋና በጎረቤቶችዋ ላይ የሚነሣባትን ቍጣ መግታት አቅቶአት ታለቅስ ነበር። «አባቴ፣ ጧት ይቅር በለኝ ብዬ ለምኜ ማታ እመለስበታለሁ። እምነት ቢኖረኝ ኖሮ እንዲህ እሆን ነበርን?» አለችኝ።

እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ በኃጢአት የሚኖረው ማን ነው? በእምነትስ የሚኖረው ማን ነው? መልሱን ከራሳችን አሳብ ሳይሆን ከእግዚአብሔር ቃል እንፈልግ።

1ኛ፤ በኃጢአት መኖር ምንድር ነው?

ኃጢአት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚቈጠሩትን ሥራዎች ነው፤ መስረቅን፣ ማመንዘርን፣ መስከርን፣ በሐሰት መማልን። እነዚህ በእውነት ኃጢአት ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በሮሜ ምዕራፍ 6 ኃጢአትን እንደ አንድ ጌታ አድርጎ ያሳየናል። ይህ ጌታ ያዝዛል፤ ባሪያውም ይታዘዛል፤ በመጨረሻም ደመወዙን ይከፍለዋል፤ ደመወዙም ሞት ነው። ስለዚህ በኃጢአት መኖር ማለት አንድ ክፉ ሥራ መሥራት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ጌታ ቤት ማደር፣ በትእዛዙም ሥር መዋል ነው።

በዚህ ጌታ ቤት የሚያድሩት ሁሉ ግን ልብሳቸው የቈሸሸ አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የነገረን ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም፣ ከገንዘቡም ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር። ስለ ጾሙና ስለ አሥራቱ አልዋሸም። ችግሩ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የሚታመነው በእግዚአብሔር ሳይሆን በራሱ መሆኑ ነው። ጳውሎስም በሮሜ 14፥23 ከእምነት ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት መሆኑን ያስተምረናል። አረም የሚያርም ገበሬ ቅጠሉን ቈርጦ ሥሩን በመሬት ውስጥ ቢተወው፣ እርሻው ለጥቂት ቀን ያማረ ይመስላል እንጂ አረሙ መልሶ ይበቅላል። የኃጢአት ሥር አለማመን ነው፤ ይኸውም ያለ እግዚአብሔር በራስ መቆም ነው።

2ኛ፤ በእምነት መኖር ምንድር ነው?

ባሪያ ራሱን ነጻ ሊያወጣ አይችልም። ይህን የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአገራችንም ታሪክ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቁ፤ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተሸጡም እስከ ምጥዋ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባሉ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አውጥተው በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከቡአቸው። በ1872 ተጠመቁ። የክርስትና ስማቸውም ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ኦኔሲሞስ አስቀድመው ሥራ ሠርተው በሥራቸው ዋጋ ነጻ አልወጡም። ነጻነታቸው ከሌላ ሰው እጅ መጣላቸው፤ ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ተከተለ። ነጻ የወጣው ያ ልጅ አድጎ፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ በወጣችው በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ መጽሐፉም በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1931 ወንጌልን አስተማሩ።

የእምነትም ነገር እንዲሁ ነው። ኃጢአት ደመወዝ ይከፍላል፤ እግዚአብሔር ግን ስጦታ ይሰጣል። ደመወዝ ለሠራ ሰው የሚገባው ነው፤ ስጦታ ግን በተዘረጋ እጅ ይቀበሉታል። ይህ የተዘረጋ እጅ እምነት ነው። እጁ ባዶ ነው፤ የሚቀበለው ክርስቶስ ግን ሙሉ ነው። መልካም ሥራም ነጻ የወጣ ሰው ለአዲሱ ጌታ የሚያቀርበው የምስጋና አገልግሎት ነው እንጂ የነጻነቱ ዋጋ አይደለም።

3ኛ፤ አማኝ ስለ ምን ይታገላል?

«ነጻ ከወጣን ታዲያ ስለ ምን ገና እንወድቃለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1942 ባርነት በአዋጅ ከተሻረ በኋላ፣ ብዙ ሰዎች መሄጃ ስላልነበራቸው በቀድሞ ጌቶቻቸው ቤት ቀርተዋል። የጌታውን ድምፅ ሲሰማ በድንጋጤ የሚነሣ ሰው ነበረ። ሆኖም ጌታው የማዘዝ መብቱን በአዋጁ አጥቶአል። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። በእኛም ላይ ኃጢአት መጮኹን አልተወም፤ በተጠመቀውና በሚያምነው ላይ ግን የጌትነት መብት የለውም።

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም ስለ ጥምቀት ሲያስተምር፣ በውስጣችን ያለው አሮጌው ሰው በየዕለቱ በንስሐ እንዲሞት፣ አዲሱም ሰው በየዕለቱ እንዲነሣ ያሳስበናል። በየዕለቱ ማለቱን አስተውሉ። ጥምቀታችን አንድ ጊዜ ነው፤ ወደ ጥምቀታችን መመለሳችን ግን እስከ መቃብር ድረስ የዕለት ሥራችን ነው።

ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያስ ጸጋ ካለ ኃጢአት ብንሠራ ምን አለበት?» የሚል ቢኖር ሐዋርያው በሮሜ 6፥15 ፈጽሞ አይሆንም ብሎ ይመልስለታል። ከእስር ቤት የወጣ ሰው፣ በሩ ተከፍቶአልና ተመልሼ ልግባ አይልም።

4ኛ፤ ራሳችንን እንመርምር

እንግዲህ በኃጢአት የሚኖርና በእምነት የሚኖር የሚለዩት አንዱ ስለሚወድቅ ሌላው ስለማይወድቅ አይደለም። በኃጢአት የሚኖር ሰው ከኃጢአቱ ጋር ታርቆአል፤ ስም ያወጣለታል፤ ጠበቃ ይቆምለታል፤ «ሌላ ጉዳይ ነው» ይላል። በእምነት የሚኖር ሰው ግን ከኃጢአቱ ጋር ተጣልቶአል፤ ይናዘዘዋል፤ በወደቀም ጊዜ ወደ ክርስቶስ ይሸሻል እንጂ ከክርስቶስ አይሸሽም። 1 ዮሐንስ 1፥8-9ም ኃጢአት የለብንም የሚሉ ራሳቸውን እንደሚያስቱ፣ ለሚናዘዙት ግን እግዚአብሔር የታመነ ይቅር ባይ መሆኑን ይነግረናል።

ለዚያች ሴት፣ «እንባሽ የእምነትሽ መጥፋት ምልክት አይደለም፤ ሙት አያለቅስም። ነገር ግን እምነትሽን በእንባሽም ላይ አታቁሚው፤ በተሰቀለው ላይ አቁሚው» አልኋት። ልጆችዋንም ይቅርታ እንድትጠይቅ መከርኋት፤ ጠየቀችም። ለዚያ ሰው የሉቃስን ወንጌል አንብቤለት ምንም ሳይመልስልኝ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ምሽት በሬን አንኳኳ። «ወደ ወንድሜ ቤት ልሄድ ነው፤ ብቻዬን ግን ጕልበቴ ከዳኝ፤ ይከተሉኝ» አለኝ። አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ ስለ አሥራቱም ስለ ጾሙም አላነሣም፤ የጌታን ምሕረት ብቻ ይለምን ነበር።

ለማኅበር ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሮሜ 6፥23 ደመወዝና ስጦታ የተለዩት ስለ ምንድር ነው?
2. «ሌላ ጉዳይ ነው» ብለን ከእግዚአብሔር ቃል የሸሸግነው ነገር አለን?
3. በውድቀቱ ተስፋ የቈረጠ ወንድም ቢመጣባችሁ ከየትኛው ክፍል ታጽናኑታላችሁ?

ጸሎት፤ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ከአሮጌው ጌታ እጅ በደምህ የዋጀኸን አንተ ነህ። ከኃጢአታችን ጋር የታረቅነውን አስነሣን፤ በኃጢአታችን ምክንያት ተስፋ የቈረጥነውን አጽናን፤ በቤትህም እንደ ልጆች አኑረን። አሜን።