የናፍጣ ሞተር ጉልበት ሲጨመር ቁጠባ ይገኛል ወይ?

በአሜሪካ በከባድ መኪና ሥራ ከተሠማሩት ወገኖቻችን መካከል የራሳቸውን መኪና ገዝተው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። የሒሳብ መዝገባቸው ሲታይ ትልቁ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣ ነው። ስለዚህ ጋራዡ «ጉልበቱን እንጨምርልህ፣ ናፍጣም ትቆጥባለህ» ሲል ጆሮ መስጠታቸው አያስደንቅም።

እንደሚታወቀው የናፍጣ ሞተር የሚሠራው ታምቆ በጋለ አየር ውስጥ ናፍጣ በመርጨት ነው። ጉልበት ለመጨመር ተጨማሪ ናፍጣና እሱን የሚያቃጥል ተጨማሪ አየር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና በሜዳ መንገድ በ65 ማይል ፍጥነት ሲሄድ የሚፈልገው ወደ 200 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ሞተሩ 450 ቢኖረውም 550 ቢኖረው የሚሠራው ያንኑ ነው። ትርፉ ጉልበት የሚወጣው ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ነው፤ ያን ጊዜ ናፍጣውም አብሮ ይወጣል።

እርግጥ ናፍጣው ቀደም ብሎ እንዲረጭ ማድረግ ይቆጥባል፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ያበዛል። በ1998 ካተርፒላር፣ ከሚንስና ሌሎች አምስት ሞተር ሠሪዎች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በስምምነት 83.4 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የከፈሉት በዚሁ ጉዳይ ነበር። የጭስ ማጣሪያውን መንቀልም በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል በዓመት 100,000 ማይል የሚሄድ መኪና በጋሎን 6.5 ማይል ቢሄድ 15,385 ጋሎን ይፈጃል። ናፍጣ በ4 ዶላር ቢታሰብና ማሻሻያው 3,000 ዶላር ቢያስወጣ፣ ወጪው በአንድ ዓመት እንዲመለስ 750 ጋሎን መቆጠብ አለበት። ይህም በጋሎን ከ6.83 ማይል በላይ መሄድ ማለት ነው። «ከታክስ ይቀነሳል» የሚለው ማጽናኛ ብዙም አይረዳም፤ ከታክስ የሚቀነሰው የወጪው ከፊል እንጂ ሙሉው አይደለም።

በአንጻሩ በሙያው የታወቀው ግምት ከ55 ማይል በላይ በየአንድ ማይል ፍጥነት በጋሎን 0.1 ማይል ይጠፋል የሚል ነው። ከ70 ወደ 65 የወረደ ሾፌር በዚህ ስሌት 6.5ቱ 7 ይሆንለታል፤ በዓመት ወደ 1,100 ጋሎን፣ ማለትም 4,400 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። ይህም ያለ ክፍያ አይደለም፤ ጉዞውን በሙሉ በዚያ ፍጥነት ቢነዳ 110 ሰዓት ያህል ይጨምርበታል። ስለዚህ የአንድ ሰዓቱ የተጣራ ገቢ ከ40 ዶላር በታች የሆነ ሰው ቀስ ብሎ ቢሄድ ያተርፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ማሻሻያውን ያስገባ ሰው ዳሽቦርዱን ብቻ አይመን። አንዳንዶቹ ሳጥኖች የነዳጅ ግፊት መለኪያውን በማታለል ኮምፒዩተሩ ከሚያውቀው በላይ ናፍጣ ያስረጫሉ፤ ቁጠባው በዳሽቦርዱ ይታያል፣ ማደያው ላይ ግን የለም። በየሦስት ወሩ ለኢፍታ የሚቀርበው የማይልና የጋሎን መዝገብ ለዚህ ጥሩ መመዘኛ ነው። ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ያሉት ሦስት ሦስት ወራት ሲነጻጸሩ መስመሩና የጭነቱ ክብደት ተቀራራቢ ይሁን፤ የብርዱ ወራትም ከበጋው ጋር አይነጻጸር፣ በብርድ ጊዜ ማንኛውም መኪና ይበልጥ ይበላልና።