የጨርቅ ቁጥርና የጥልፍ መጠን

ስለ ጥልፍ ሥራ ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ስለ ክሩ ቀለምና ስለ ንድፉ ውበት ነው። ጨርቁን ግን ክሩን ለመሸከም ብቻ የተዘረጋ ነገር አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በመስቀለኛ ጥልፍ የመስቀሎቹን ብዛት የሚወስነው ንድፉ ቢሆንም፣ የእያንዳንዱን መስቀል መጠን የሚወስነው ጨርቁ ነው። የዚህ ጽሑፌ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳትና መርፌ ከመያዛችን በፊት የሥራውን ቁመትና ወርድ አስልተን የምናውቅበትን መንገድ ማሳየት ነው።

መስቀለኛ ጥልፍ ሁለት አጫጭር ስፌቶች እርስ በርሳቸው ተላልፈው የመስቀል ቅርጽ የሚሠሩበት የጥልፍ ዐይነት ነው። ንድፉ የሚሣለው በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቤት በጨርቁ ላይ አንድ መስቀል ይሆናል። እንግዲህ ወረቀቱ የሚነግረን ወደ ጎን ስንት መስቀል፣ ወደ ታች ስንት መስቀል እንደምንሠራ ብቻ ነው። አንዱ መስቀል ምን ያህል እንደሚሰፋ ግን አይነግረንም።

ይህን የሚነግረን የጨርቁ ቁጥር ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው አይዳ የሚባለው የጥጥ ጨርቅ ነው። በአይዳ ላይ ድሩም ማጉም ጥቂት ጥቂት ክር እየሆነ በአንድነት ስለሚሸመን ትንንሽ ቤቶች ይታያሉ፤ በየቤቱ ማዕዘንም መርፌ የሚገባበት ግልጥ ቀዳዳ አለ። የጨርቅ ቁጥር ማለት በ1 ኢንች ርዝመት ውስጥ የሚገኙት ቤቶች ብዛት ነው። ከሚታወቁት ውስጥ ባለ 11፣ ባለ 14፣ ባለ 16 እና ባለ 18 ቁጥር ይገኙባቸዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። የጫማ ቁጥር ሲጨምር ጫማው ይተልቃል፤ የጨርቅ ቁጥር ሲጨምር ግን ቤቱ ይጠብባል፣ ጥልፉም ያንሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመስቀሎቹን ብዛት ለጨርቁ ቁጥር ስናካፍል መጠኑ በኢንች ይገኛል። በሳንቲ ሜትር ለማወቅ ውጤቱን በ2.54 እናበዛለን፤ አንድ ኢንች ልክ 2.54 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን እንግሊዝና አሜሪካ ከሌሎች አገሮች ጋራ በ1959 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተስማምተዋልና።

ለምሳሌ ወርዱ 84 መስቀል፣ ቁመቱ 112 መስቀል የሆነ ንድፍ እንውሰድ። በባለ 14 ቁጥር ጨርቅ 84 ለ14 ሲካፈል 6 ኢንች፣ 112 ለ14 ሲካፈል 8 ኢንች ይሆናል። ይኸውም 15.2 በ20.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያው ንድፍ በባለ 11 ቁጥር 19.4 በ25.9፣ በባለ 16 ቁጥር 13.3 በ17.8፣ በባለ 18 ቁጥር ደግሞ 11.9 በ15.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በባለ 11 የተሠራው በባለ 18 ከተሠራው ይልቅ ስፋቱ ከ2 እጥፍ ተኩል ይበልጣል።

ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት ሁለት የክፍላችን ልጆች ይህንኑ የሚያህል ንድፍ ከአንድ ወረቀት ወስደው እየጠለፉ ነበር። ሁለቱም አስቀድመው የገዙት ክፈፍ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ነበር። በባለ 14 ቁጥር የሠራችው ልጅ ጥልፏ በክፈፉ መካከል በደንብ ተቀመጠላት። በባለ 11 የሠራችው ግን ቁመቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ በለጠባት የብዙ ሳምንት ድካሟ ከክፈፉ ሊገባ አልቻለም። ልዩነቱ የእጅ ጥበብ አልነበረም፤ አንድ ማካፈል ነበር።

ስለ ድካምም የምንማረው ነገር አለ። ጥልፉ ሲያንስ ሥራው የሚቀል ይመስለናል። ነገር ግን ከላይ ያየነው ንድፍ ሁሉም ቤቱ የሚሞላ ከሆነ፣ ጨርቁ ምንም ይሁን ምን 84 ጊዜ 112፣ ማለት 9,408 መስቀል አለው። በአንጻሩ የተወሰነ ቦታ ለመሙላት ስናስብ ቁጥሩ ድካማችንን ይለውጠዋል። 6 በ8 ኢንች የሆነ ቦታ በባለ 11 ቁጥር በ5,808 መስቀል ይሞላል፤ በባለ 18 ቁጥር ግን 15,552 መስቀል ይፈልጋል። የኋለኛው ሥዕል በጣም የረቀቀ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ትዕግሥትና የዓይን ድካም ነው።

ክሩም ከጨርቁ ጋራ መስማማት አለበት። የተለመደው የጥልፍ ክር ከ6 ቀጫጭን ክሮች የተጣመረ ነው። ለባለ 11 ቁጥር 3፣ ለባለ 14 ቁጥር 2፣ ለባለ 18 ቁጥር 1 ወይም 2 ክር መጠቀም የተለመደ ነው። ክሩ ሲያንስ ጨርቁ በመስቀሎቹ መካከል ይታያል፤ ሲበዛም ጥልፉ ይጨናነቃል።

አይዳ ባልሆነ እኩል በተሸመነ ጨርቅ ላይ፣ እንደ ተልባ እግር ጨርቅ ባለው፣ አንዱ መስቀል ብዙ ጊዜ በ2 ክር ላይ ይሠራል። ስለዚህ ባለ 28 ክር ጨርቅ እንደ ባለ 14 አይዳ ይቈጠራል፤ ባለ 32 ክርም እንደ ባለ 16።

በአገራችን የእጅ ሽመና ላይ ለመጥለፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ስለሚሆን ውፍረታቸው አንድ አይደለም። በ1 ኢንች ውስጥ ድሩ 30፣ ማጉ 24 ክር ነው እንበል። 60 በ60 መስቀል የሆነ ንድፍ በየ2ቱ ክር ላይ ቢሠራ፣ ወርዱ 4 ኢንች፣ ቁመቱ 5 ኢንች ይሆናል። ክብ የነበረው አበባ እንደ እንቍላል ይሞላልላል ማለት ነው። መፍትሔው ሊመዘዝ የሚችል ካንቫስ በሸማው ላይ አድርጎ፣ በካንቫሱ ቤቶች መጥለፍ ነው። ሥራው ሲያበቃ ካንቫሱ በውሃ ይርሳል፤ ክሮቹም አንድ በአንድ ተመዝዘው ይወጣሉ፤ ጥልፉ በሸማው ላይ ይቀራል።

የጨርቁ ቁጥር ባልተጻፈበት ጊዜ በጨርቁ ላይ ማስመሪያ ዘርግተን በ1 ኢንች ርቀት ሁለት ስፒል እንተክላለን፤ በመካከላቸው ያሉትን ቤቶችም እንቈጥራለን። ወደ ጎንም ወደ ታችም መቍጠር አስፈላጊ ነው። ጨርቁን ስንቈርጥም በየጎኑ 3 ኢንች ትርፍ ብንተው ለክፈፍና ለማጠፍ ይበቃናል። ስለዚህ 6 በ8 ኢንች ለሆነው ጥልፍ 12 በ14 ኢንች፣ ማለት 30.5 በ35.6 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በጥልፍ ሥራ ችኮላ የሚያስከትለው የፈሰሰውን መልቀም ሳይሆን መስቀሉን ሁሉ መፍታት ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ንድፍ ስንመርጥ መስቀሎቹን እንቍጠር፤ ጨርቅ ስንመርጥ ቤቶቹን እንቍጠር፤ ሁለቱን ካካፈልን በኋላ መርፌያችንን እናንሣ። ጨርቁን የሚገዙልን ወላጆቻችንም ወደ ገበያ ሲሄዱ ከቀለሙ ጋራ ቁጥሩን እንዲጠይቁልን በትሕትና እለምናለሁ።